የባለመሬቱ ፈቃድ ብቻውን የት ያደርሳል? ስለ ሞዴል አውሮፕላን ሜዳ፣ ፈቃድና መድን

ጥያቄ፦ «እኔና አምስት ጓደኞቼ በሬዲዮ የሚታዘዙ ሞዴል አውሮፕላኖች እናበራለን። አብዛኞቹ ከፎም የተሠሩ፣ በባትሪ የሚሠሩና ከሁለት ኪሎ ግራም የማይበልጡ ናቸው፤ አንዱ ግን ስድስት ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የቤንዚን ሞተር ያለው ነው። አንድ ባለመሬት የማያርሰውን ሜዳ ቅዳሜና እሑድ እንድንጠቀምበት በቃል ፈቅዶልናል፤ ነገር ግን ‹አንድ ነገር ቢደርስ እኔን የሚከስ እንዳይኖር› ብሎናል። ከመካከላችን አንዱ የቤቱ መድን እንዲህ ያለውን አደጋ እንደሚሸፍንለት ይናገራል። ሌላው ደግሞ መሬቱ የግል ስለሆነ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አያገባውም ይላል። ወደ ሜዳው የሚመጣ ሰው ሁሉ ‹በራሴ ኃላፊነት መጥቻለሁ› ብሎ ቢፈርምልን አይበቃም? መድንና ፈቃድ ማግኘት ካለብንስ ከየትኛው እንጀምር?»

ምላሽ፦ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። መሬቱን የመጠቀም ፈቃድ የሚሰጠው ባለመሬቱ ነው፤ ከመሬቱ በላይ ባለው አየር የመብረር ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ሲደርስ ካሳ የሚከፍለው ደግሞ መድን ሰጪው ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ይሁን እንጂ ሦስቱ ፈጽሞ የተነጣጠሉም አይደሉም፤ የኃላፊነት መድን ውሎች በአብዛኛው በረራው በአገሩ ሕግ መሠረት የተካሄደ እንዲሆን ስለሚጠይቁ፣ የአየር ክልሉ ፈቃድ የጎደለው በረራ አረቦኑ (የመድኑ ክፍያ) በወቅቱ ተከፍሎም ቢሆን ካሳ ሊያስከለክል ይችላል። ስለዚህ «መድን ስላለን ፈቃዱ ቢዘገይም ግድ የለም» የሚል ቡድን ያለ መድን ከሚበርር ቡድን ብዙም አይለይም።

መሬቱ የግል ስለሆነ ባለሥልጣኑ አያገባውም የሚለው ክርክር እጅግ የተለመደ ነው፤ መሠረት ግን የለውም። የመሬት ባለቤት በመሬቱ ላይ ማን እንደሚገባ፣ ከየት እንደሚነሣና የት እንደሚያርፍ ይወስናል እንጂ፣ ጎማው መሬት ከለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ አውሮፕላኑ የሚገኝበት አየር በሲቪል አቪዬሽን ሕግ የሚተዳደር ነው። «ሞዴል እኮ ነው» የሚለው መከራከሪያም ሩቅ አያስኬድም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2011 ስለ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ባወጣው ሰነድ፣ ለመዝናኛ ብቻ የሚውሉ ሞዴል አውሮፕላኖች ከ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ውጭ መሆናቸውንና በየአገሩ ሕግ ብቻ እንደሚዳኙ ገልጿል። አንዳንድ የሙያው አፍቃሪዎች ይህን ከሕግ ነፃ እንደ መውጣት ይቆጥሩታል። እውነቱ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ደንብ እንዲያወጣ ሙሉ ነፃነት ተሰጠው ማለት ነው፤ በውጤቱም አንዱ አገር ሰፊ ሜዳ ሲተው ሌላው በጸጥታ ምክንያት ከናካቴው ሊከለክል ይችላል።

የደንቦቹ አጠቃላይ መልክ ግን ይመሳሰላል። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚያበርር ሰው ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ሞዴል ካለው መመዝገብ፣ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነፃ የደኅንነት ፈተና ማለፍ፣ አውሮፕላኑን ዘወትር በዓይኑ እያየ ማብረርና የአየር ትራፊክ ቁጥጥር በማይደረግበት የአየር ክልል ከ400 ጫማ፣ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ፣ ከፍ አለማለት ይጠበቅበታል። በአውሮፓ ኅብረት ቁጥር 2019/947 የተባለው ደንብ «ክፍት» በሚባለው፣ ቅድሚያ ፈቃድ በማይጠይቀው ክፍሉ የ120 ሜትር ከፍታና የ25 ኪሎ ግራም ክብደት ወሰን አስቀምጧል፤ በዚሁ ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ ክብደት ላላቸው የተመደበው ንዑስ ክፍል ደግሞ ከመኖሪያ፣ ከንግድ፣ ከኢንዱስትሪና ከመዝናኛ አካባቢዎች ቢያንስ 150 ሜትር በአግድም መራቅን ይጠይቃል። እነዚህን አኃዞች የጠቀስኳቸው እንድትገለብጧቸው ሳይሆን፣ በአገራችሁ ደንብ ውስጥ ምን ምን መፈለግ እንዳለባችሁ ለማሳየት ነው፦ የክብደት መነሻ፣ የምዝገባ ግዴታ፣ የከፍታ ጣሪያ፣ ከሰውና ከቤት የሚኖር ርቀት፣ እንዲሁም በዓይን ከማየት ውጭ ስለ መብረር የተደነገገው።

ከእነዚህ ደንቦች ውስጥ ለእናንተ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ በብዛት የማይነበበው ነው። ሁለቱም የሕግ ሥርዓቶች ለተደራጀ ክበብ የሚከፍቱት በር ለግለሰብ ከሚከፍቱት ይሰፋል። የአውሮፓው ደንብ በአንቀጽ 16 የሞዴል አውሮፕላን ክበቦችና ማኅበራት በራሳቸው የአሠራር ሥርዓት መሠረት እንዲበርሩ ከባለሥልጣኑ የተለየ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስችላል። በአሜሪካ ማንነትንና ቦታን በሬዲዮ የሚያሳውቅ መሣሪያ ሳይገጠም ማብረር የሚቻልባቸው ሜዳዎች አሉ፤ ሜዳው በዚህ ዝርዝር እንዲገባ ማመልከት የሚችሉት ግን በባለሥልጣኑ ዕውቅና የተሰጣቸው ማኅበራትና የትምህርት ተቋማት ብቻ ናቸው። ስድስት ጓደኛሞች ስድስት ግለሰቦች ሆነው ቢያመለክቱ ይህ በር አይከፈትላቸውም። ማኅበር መመሥረት የወረቀት ሥራ የሚያበዛ ይመስላል፤ በተግባር ግን የሚቀንስ ነው።

የአየር ክልሉን ጉዳይ ባለመሬቱን መልሳችሁ ከማነጋገራችሁ በፊት ማጣራት ይገባችኋል፤ ምክንያቱም ሜዳው በአውሮፕላን ማረፊያ መግቢያ መስመር ሥር ቢሆን ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። የሜዳውን ትክክለኛ ቦታ በካርታ ላይ ወስዳችሁ የቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የሆስፒታል የሄሊኮፕተር ማረፊያ፣ ወታደራዊ ይዞታና የተከለከለ ቀጠና ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። ቁጥጥር በሚደረግበት የአየር ክልል ውስጥ መሆን ሁልጊዜ በሩን አይዘጋም፤ በአንዳንድ አገሮች ክበቡና የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያው የበረራ ሰዓቱን፣ ከፍታውንና የሚደዋወሉበትን መንገድ የሚወስን የጽሑፍ ስምምነት ያደርጋሉ። ቁጥጥር የማይደረግበት አየርም ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ የሰብል መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖች፣ የሕክምና ሄሊኮፕተሮችና ፓራሹት መሰል በራሪዎች ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ ሰው ለያዘ አውሮፕላን ሁሉ ቅድሚያ መስጠት የሞዴል አብራሪው ግዴታ ነው። አንዳንድ አገሮች ከአቪዬሽን ባለሥልጣኑ በተጨማሪ የጸጥታ ተቋምንና የቴሌኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ የሬዲዮ መቆጣጠሪያው ራሱ ፈቃድ የሚያሻው መሣሪያ የሆነባቸውም አሉ። ይህን ከባለሥልጣኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተነገረ «ችግር የለውም» አደጋ በደረሰ ማግስት ባለቤት አይኖረውም።

አሁን ወደ መድኑ ልምጣ። የቤት መድን የሚሸፍን መሆኑን የጠቀሰው ጓደኛችሁ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን የእርሱ እምነት ሳይሆን የውሉ የማይሸፈኑ ጉዳዮች ክፍል ነው። በርካታ የቤት መድን ውሎች ከአውሮፕላን የሚመነጭ ኃላፊነትን በጅምላ ያወጡታል፤ ከዚያም አንዳንዶቹ የመዝናኛ ሞዴሎችን በልዩ ሁኔታ መልሰው ያስገቧቸዋል፣ ሌሎቹ አያስገቡም። መልሰው የሚያስገቡትም ቢሆኑ የክብደት ወሰን፣ የሞተር ዓይነት ወይም ከሰው ተሳፋሪና ከዕቃ ጭነት ነፃ መሆንን የመሰለ ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ስለዚህ ጓደኛችሁ ለመድን ሰጪው የሚያቀርበው ጥያቄ «ሞዴል አውሮፕላን ይሸፈናል ወይ?» የሚል መሆን የለበትም። ክብደቱን፣ ሞተሩን፣ ቦታውንና ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚበርር መሆኑን ገልጾ፣ በዚህ ሁኔታ በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳት በውሉ መሸፈን አለመሸፈኑን በጽሑፍ ይጠይቅ። ቢሸፈንለትም የተሸፈነው እርሱ ነው። እናንተ አምስታችሁና ባለመሬቱ በዚያ ወረቀት ላይ የላችሁም።

ሕጉ መድን ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም የሚለውም አንድ ሰነድ ብቻ በማንበብ አይመለስም። የአውሮፓ ኅብረት የአውሮፕላን መድንን ግዴታ ያደረገበት ቁጥር 785/2004 ደንብ ከ20 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ሞዴል አውሮፕላኖችን ነፃ ያደርጋል፤ ሆኖም ጀርመን በራሷ ሕግ ለሞዴል አውሮፕላኖች የኃላፊነት መድንን ግዴታ አድርጋለች። የበላዩን ደንብ ብቻ አንብቦ «ነፃ ነኝ» ያለ ሰው እዚያ በሕገ ወጥነት ይበርራል ማለት ነው። ለእናንተ ግን የሕጉ ግዴታ ብዙ ለውጥ የሚያመጣ አይመስለኝም፤ ሕጉ ባያስገድዳችሁ እንኳ ባለመሬቱ አስገድዷችኋል፣ ደግሞም ልክ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን ነው። ይህ መድን የተሰበረውን አውሮፕላናችሁን አይጠግንም፣ የተሰረቀውን መቆጣጠሪያ አይተካም፤ የሚከፍለው በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ላደረሳችሁት፣ በሕግም ለምትጠየቁበት ጉዳት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቡድኖች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በሞዴል አውሮፕላን የመጎዳት ዕድሉ ከሁሉ የሚሰፋው ከአላፊ አግዳሚ ይልቅ አጠገባችሁ የቆመው ጓደኛችሁ ነው፤ በሚሽከረከር ፕሮፔለር ጣቱን የሚቆረጠውም ባለቤቱ ወይም ረዳቱ ነው። አባላት አንዳቸው በሌላው ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት ሽፋን መኖሩን የሚገልጽ ሐረግ በውሉ ውስጥ ካልተገኘ ለዚህ አደጋ መድን የላችሁም። የራስን ጣት በራስ ሞተር መቆረጥ ደግሞ የኃላፊነት ጉዳይ ስላልሆነ በዚህ ዓይነቱ መድን ጨርሶ አይታይም፤ እርሱ የግል አደጋ መድን ወይም የሕክምና ሽፋን ሥራ ነው።

ቀሪዎቹን ነጥቦች በአጭሩ ልለፍ። የሽፋኑ ጣሪያ ለአንድ አደጋ ነው ወይስ ለዓመቱ በሙሉ? በእያንዳንዱ የካሳ ጥያቄ ላይ ከራሳችሁ ኪስ የሚቀነሰው ስንት ነው? ሽፋኑ መጀመሪያ የሚከፍል ነው ወይስ ሌላ መድን ከከፈለ በኋላ የሚመጣ? ለምሳሌ በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል አቪዬሽን አካዳሚ ለአባላቱ የሚሰጠው የኃላፊነት ሽፋን አባሉ ካለው የቤት መድን ቀጥሎ የሚሠራ ነው፤ ይህን ያላወቀ አባል ከአደጋ በኋላ በሁለት መድን ሰጪዎች መካከል ሲመላለስ ይከርማል። እንዲሁም ሽፋኑ አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራ ነው ወይስ የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ቀን? ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ውሉን ሳታድሱ ብትቀሩ ባለፈው ዓመት ለደረሰ ጉዳት ዘንድሮ የሚቀርብ ጥያቄ ባዶ እጃችሁን ሊያገኛችሁ ይችላል። በመጨረሻም፣ የመዝናኛ ሽፋን በገንዘብ ሲነካ ይጠፋል፤ በክፍያ ማስተማር፣ ለሠርግ ከአየር ላይ ፊልም ማንሳት፣ የመግቢያ ዋጋ ያለው ትርዒት ማሳየት ሌላ ፈቃድና ሌላ መድን የሚጠይቁ ሥራዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ ከንግድ መድን ሰጪ በግል ለመግዛት ብትሞክሩ ሁለት እንቅፋት ይገጥማችኋል። አንደኛው ዋጋ ነው፤ መድን ሰጪው ስለ ሞዴል አውሮፕላን በቂ ልምድ ከሌለው የድሮን ሥራ ላይ እንዳለ የንግድ ድርጅት ቆጥሮ ያስከፍላችኋል ወይም አልፈልግም ይላል። ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ያልገባውን አደጋ የሚሸፍን መድን ሰጪ ውሉን በማይሸፈኑ ጉዳዮች ይሞላዋል። ብሔራዊ የኤሮ ክበብ ወይም የሞዴል አውሮፕላን ፌዴሬሽን ባለበት አገር የቡድን ሽፋኑ በአባልነት ክፍያው ውስጥ የሚካተትበት አሠራር የተለመደ ነው፤ አደጋው በብዙ ሺህ አባላት ላይ ስለሚከፋፈል ርካሽ ይሆናል፣ ሐረጎቹም በሞዴል አውሮፕላን ልክ የተሰፉ ናቸው። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1905 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ በአገራችሁ የእርሱ አባል የሆነ ክበብ መኖሩን መጠየቅ የመድን ፍለጋችሁ የመጀመሪያ እርምጃ ይሁን። እንዲህ ያለ ተቋም በሌለበት ግን ወደ መድን ሰጪ የምትሄዱት እንደ ስድስት ሰዎች ሳይሆን፣ የተመዘገበ ስምና የጽሑፍ የበረራ ደንብ እንዳለው አንድ ክበብ ሁኑ።

የባለመሬቱን ሥጋት በቀጥታ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦ በክበቡ የመድን ውል ላይ ባለመሬቱ ተጨማሪ መድን የተገባለት ሰው ሆኖ በስሙ እንዲጻፍ ማድረግ። እንዲህ ሲሆን ከበረራችሁ በመነጨ ጉዳት እርሱ ቢከሰስ መድን ሰጪው የእርሱንም መከላከያ ይዞ ይቆማል። «መድን አለን» የሚል የምስክር ወረቀት ቅጂ መስጠት ብቻውን ይህን አያስገኝም፤ ወረቀቱ የእናንተን መድን መኖር ይመሰክራል እንጂ እርሱን በውሉ ውስጥ አያስገባም። ከመፈረማችሁ በፊት ባለመሬቱ በእርግጥ የመሬቱ ሙሉ ባለመብት መሆኑንም አጣሩ። መሬቱ በኪራይ የተያዘ፣ በውርስ የሚካፈል ወይም ባንክ የያዘው ከሆነ የሌላም ሰው ስም በውሉ ላይ ማስፈለጉ አይቀርም።

ኪራይ እንክፈል ወይ የሚለውን አልጠየቃችሁም፤ ይሁን እንጂ መነሳቱ አይቀርምና አስቀድሜ ላንሳው። በአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ መሬቱን ለመዝናኛ በነፃ የፈቀደን ባለቤት ከኃላፊነት በከፊል የሚጠብቁ ሕጎች አሉ፤ ጥበቃው ባለቤቱ ክፍያ ሲቀበል በአብዛኛው ይቀራል። በእናንተ አገር ተመሳሳይ ሕግ ካለ በየወሩ የምትሰጡት አነስተኛ ገንዘብ ለባለመሬቱ ከሚያስገኝለት የሚያሳጣው ሊበልጥ ይችላል። በሌላ በኩል መሬቱን በዓመት ከተወሰኑ ቀናት በላይ ለሌላ አገልግሎት ማዋል የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ የሚጠይቅበት አገር አለ፤ በእንግሊዝ አጠቃላይ ደንቡ ለጊዜያዊ አጠቃቀም የሚፈቅደው በዓመት 28 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድን ሁሉ ካሰባችሁ ከዚህ በብዙ ታልፋላችሁ፤ ስለዚህ የአካባቢውን አስተዳደርም መጠየቅ ይኖርባችኋል።

የፊርማውን ነገር በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ይጠቅማል፣ ግን አይበቃም። «በራሴ ኃላፊነት መጥቻለሁ» የሚል ወረቀት የፈረመው ሰው አደጋውን ማወቁን ያስረዳ ይሆናል። ያልፈረመውን ግን አያስርም፤ በመንገድ ሲያልፍ መስታወቱ የተሰበረበት ሾፌር፣ ከአጥሩ ማዶ የነበረ ጎረቤት፣ ወላጁ የፈረመለት ልጅ በብዙ አገሮች ሕግ በዚህ ወረቀት መብታቸውን አያጡም። በቸልተኝነት የደረሰ የአካል ጉዳትን አስቀድሞ ማስቀረትን ፍርድ ቤቶች የማይቀበሉባቸው አገሮችም ብዙ ናቸው። ወረቀቱ የሚያመጣው ትልቁ ጉዳት ደግሞ የውሸት መተማመን ነው፤ ፊርማ ሰብስቦ ተመልካቹን ከመንደርደሪያው ዳር የሚያቆም ቡድን ያጋጥማል።

ባለሥልጣኑም ሆነ መድን ሰጪው የሜዳውን ንድፍ ይጠይቃችኋል፤ ቢዘነጉት እንኳ እናንተ አቅርቡ። ንድፉ መንደርደሪያውን፣ አብራሪዎች የሚቆሙበትን መስመር፣ ከጀርባቸው ያለውን የመኪናና የተመልካች ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አውሮፕላን የማይሻገረውን የደኅንነት መስመር ማሳየት አለበት። በረራው ሁሉ ከዚህ መስመር ማዶ ይካሄዳል፤ ፀሐይ ከአብራሪዎች ጀርባ እንድትሆን አቅጣጫውን መምረጥ ደግሞ ዓይን ከመታወር ያድናል። የርቀቱን መጠን በግምት አትወስኑ። አንድ ሜትር ሲወርድ ስምንት ሜትር ወደፊት የሚንሸራተት የፎም አውሮፕላን በ120 ሜትር ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢጠፋና መቆጣጠሪያው ባይታዘዝለት፣ ነፋስ በሌለበት 960 ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። ከሜዳው እስከ ቅርቡ ቤትና መንገድ 300 ሜትር ብቻ ካላችሁ የከፍታ ጣሪያችሁን ራሳችሁ ዝቅ ማድረግ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የሬዲዮ ተቀባይ ሞተሩን አጥፍቶ አውሮፕላኑን በዝግታ እንዲያዞር ማዘጋጀት፣ ይህም መሥራቱን በየበረራ ቀኑ መሬት ላይ፣ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ወይም አውሮፕላኑ በሚገባ ተይዞ መፈተሽ ግድ ነው። የመድን ሰጪ መርማሪ ከአደጋ በኋላ ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ይሆናል።

የቤንዚኑ አውሮፕላን ከሌሎቹ ጋር በአንድ ማመልከቻ መግባት የለበትም። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሞዴል በሴኮንድ 15 ሜትር ሲበር የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት 170 ጁል ገደማ ነው፤ ስድስት ኪሎ የሚመዝነው በሴኮንድ 35 ሜትር ሲበር ግን ወደ 3,700 ጁል ይጠጋል። ክብደቱ አራት እጥፍ ብቻ ሆኖ ሳለ የመምታት ኃይሉ ከሃያ እጥፍ በላይ የሚሆነው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ ነው። ባለሥልጣኑ በፎሞቹ ላይ የማያነሣውን ጥያቄ በዚህኛው ላይ ያነሣል፤ መድን ሰጪውም እንዲሁ። ከዚህም በላይ ድምፅ አለ። በእኔ ግምት ክበቦችን ከሜዳቸው የሚያስነሳቸው ከአደጋ ይልቅ የጎረቤት ምሬት ነው። በብሪታንያ ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሞዴል አውሮፕላን የድምፅ መመሪያ ወሰኑን ከ7 ሜትር ርቀት ሲለካ 82 ዴሲቤል አድርጎታል፤ የራሱ ወሰን በሌለው አገርም ይህን መለኪያ በክበባችሁ ደንብ ውስጥ ብታስገቡ በፈቃድ ሰጪው ፊት ያስከብራችኋል።

ከባለመሬቱ ጋር የሚደረገው ስምምነት ከሁለት ገጽ አይበልጥ። የበረራ ቀናቱንና ሰዓቱን፣ የሜዳውን ወሰን፣ የሚፈቀደውን ክብደትና ሞተር፣ መኪና የሚቆምበትን፣ ማንኛውም ወገን ስንት ቀን አስቀድሞ በማስታወቅ ስምምነቱን እንደሚያቋርጥ፣ እንዲሁም የመድኑ ውል በሥራ ላይ እስካለ ብቻ ፈቃዱ እንደሚጸና ይግለጽ። ከብት የሚግጥበት ወይም ድርቆሽ የሚታጨድበት መሬት ከሆነ ስብርባሪ የመልቀም ግዴታን በግልጽ ጻፉ፤ የሽቦ ቁራጭና የካርቦን ስንጣሪ በመኖ ውስጥ ገብቶ ከብት ሲገድል ካሳው ከአውሮፕላኑ ዋጋ በላይ ነው፣ ባለመሬቱም ከዚያ በኋላ አያያችሁም። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ከተጋጨ በኋላ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል የተመታ ባትሪ ከደረቅ ሣርና ከመኪና ርቆ፣ በአሸዋ ላይ ወይም በብረት ዕቃ ውስጥ ይቆይ፤ የእሳት ማጥፊያ በአብራሪዎች መስመር ላይ ይኑር። የሣር ቃጠሎ በመድኑ መሸፈኑንም አረጋግጡ፤ ተሸፍኗል ብለው የሚገምቱት ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት የአየር ክልሉን አጣሩ፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ወጪም የለውም። ቀጥሎ ባለመሬቱን «ፈቃዱና መድኑ ከተሟላ» በሚል ቅድመ ሁኔታ በጽሑፍ አስፈርሙ፤ ባለሥልጣኑም ሆነ መድን ሰጪው ሜዳው እንደሌላችሁ ካዩ ማመልከቻውን አይመለከቱትም፣ ባለመሬቱም ያለ ቅድመ ሁኔታ ቢፈርም መብቱን አሳልፎ ይሰጣል። ሦስተኛ ክበቡን መሥርታችሁ የበረራ ደንባችሁን ጻፉና በብሔራዊው ፌዴሬሽን በኩል፣ ከሌለም በቀጥታ፣ የአባላትን የእርስ በርስ ጉዳት የሚጨምርና ባለመሬቱን በስሙ የሚያካትት የቡድን የኃላፊነት መድን ግዙ። የባለሥልጣኑን ማመልከቻ ከዚህ ጎን ለጎን አስገቡ። የመጀመሪያውን ፈቃድ ለፎሞቹ ብቻ ጠይቁ፤ የቤንዚኑን አውሮፕላን አንድ የበረራ ወቅት ያለ ቅሬታ ካለፈ በኋላ በማሻሻያ አምጡት። ለዚህ አውሮፕላን ብላችሁ ሁሉንም ማመልከቻ አታስጥሉ። ሦስቱም ወረቀቶች በእጃችሁ ሳይገቡ አንዲትም የሙከራ በረራ በዚያ ሜዳ አታድርጉ፤ «ዛሬ ሜዳውን ለመፈተሽ ብቻ» የሚባለው በረራ መድን የሌለው በረራ ነው።

አደጋ ቢደርስ የተጎዳውን መርዳት ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጥፋቱ ባለቤት በቦታው ላይ ምንም ነገር አትመኑ፣ ካሳም ቃል አትግቡ፤ ብዙ የመድን ውሎች ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ የተሰጠን የጥፋተኝነት ቃል ሽፋን ማስከልከያ ያደርጉታል። ፎቶግራፍ አንሡ፣ የምስክሮችን ስም ያዙ፣ ስብርባሪውን፣ ተቀባዩንና የመቆጣጠሪያውን የበረራ መዝገብ እንዳሉ አቆዩ፣ ለመድን ሰጪውና ሕጉ የሚያስገድድ ከሆነ ለባለሥልጣኑ በውሉና በደንቡ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁ። ጉዳቱ ቀላል መስሎ የተጎዳው ሰው «ተዉት፣ ምንም አልሆንኩም» ቢላችሁም ማስታወቂያው አይቅር፤ የካሳ ጥያቄው ከወራት በኋላ ሲመጣ የዘገየው ማስታወቂያ ለመድን ሰጪው እምቢታ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።